ተነሺ

ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቱ በላይ፣ የእንጨት ደረጃው ሲያበቃ፣
አንዲት ክፍል አለችኝ፣ ቀን የምታንቀላፋ፣ መብራት ሲመጣ የምትነቃ።
አንድ ወንበር፣ አንድ ስክሪን፣ ጥግ ላይ የተሰቀለ ነጭ ጨርቅ፣
ከታች የታክሲ ረዳት "አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!" ሲል ጉሮሮው እስኪደርቅ።

ሙያውን ያስያዘኝ ጋሽ ወሰንየለህ ነው፣ ነፍሱን ይማረው፣
ጣቱ በፊልም ማጠቢያ የነጣ፣ ብርሃንን በክንዱ የሚሰፍረው።
"ካሜራ ጅል ነው" ይለኝ ነበር፤
"ነጭ ነጠላ ካየ ይደነግጣል፣ ዓይኑን ያጠባል፣
ነጠላውን አመድ፣ ፊቱን ከሰል አድርጎ ያስረክብሃል።
አትመነው፤ አንድ እርከን ብርሃን ጨምርለት፣
ጠይሙ ጠይም ይሁን፤ ጥላሸት አትቀባበት።

ቀትር ላይ ሰው አታንሳ፤
የአናት ፀሐይ ከቅንድብ ሥር ጉድጓድ ምሳ
ሕያዉን ታስመስለዋለች ሬሳ።
በረንዳ ፈልግ፣ የቆርቆሮ ክፈፍ፣ የግንብ ጥላ፣
ነጭ ማዳበሪያ ከጎን ያዝለት፣ ብርሃን ተበድሮ ፊቱ እስኪሞላ።
ትኩረቱን ዓይን ላይ ጣል፣ ከሁለቱም ለአንተ በቀረበው፤
አፍንጫ ቢደበዝዝ ግድ የለም፤
ዓይን ከደበዘዘ ግን፣ ያ ሰው የለም፤ ሌላ ነው።"

እሱ አለፈ። ጨለማ ክፍሉ የጫማ መጋዘን ሆነ።
ደንበኛ ይመጣል፤ "ፊቴን አቅላው" ይላል፤ "ቦርጬን ሸሽግልኝ፣
አጠገቤ የቆመችውን፣ የቀድሞዋን፣ ቆርጠህ ጣልልኝ።"
እቆርጣለሁ። ትከሻው ላይ ግን አራት ጣት ይቀራል፤
ሰው ከሄደ በኋላ እጁ እንዲህ ይኖራል።
ብጉር እንግዳ ነው፣ ይሂድ፤ ለማጥፋት አልሰንፍም፤
ጠባሳ ግን ባለ ርስት ነው፤ እሱን አላፈናቅልም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ወይዘሮ ትርንጎ መጡ፣
ስልካቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ጃንጥላ አራግፈው ተቀመጡ።
"አንድ ፎቶ አለችኝ፤ በራፌ ላይ፣ ልጄ ያነሳኝ፤
ከኋላዬ ያለውን ቀይ ቁጥር አጥፋልኝ።"
የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ሰማያዊ መዝጊያ፣ ገርበብ ያለ፣ ያረጀበት፤
ከራሳቸው በላይ በቀይ ቀለም፦ ሰባት፣ አራት፣ ሁለት፣
ሳይደርቅ የፈሰሰ፣ የቸኮለ ሰው የጻፈበት።
"ሲጽፉት ምን አሉ?"
"'ተነሺ ነሽ' አሉኝ።
እኔ ደግሞ ፎቶ መስሎኝ፣ ነጠላዬን አስተካከልኩኝ።"

መጀመሪያ ዘመም ያለውን አየሁ፤ ሁለት ዲግሪ ሳዞረው ቤቱ ቀና፣
ጨለማውን ጥቂት ባሳሳው፣ ከመዝጊያው ኋላ የቆመ ብስክሌት ታየና
እሱን ሳይ ትንሽ ቆየሁ።
ከዚያ ዋናው እንዳይነካ፣ በላዩ ሌየር ዘረጋሁ፤
ከዚያው ግድግዳ ጭቃ ቁንጥር ቁንጥር እያደረግሁ፣
በለስላሳ ብሩሽ፣ ጠርዙን እያደበዘዝሁ፣ ቀዩን ደፈንሁ።
ከሌላ ግድግዳ ቢበደሩ ያሳብቃል፤
ቤት የገዛ ጭቃውን ያውቃል።

ሰባቱ ጠፋ። አራቱ ጠፋ። ሁለቱን ሦስት እጥፍ አቅርቤ ሳይ፣
ጭረት አገኘሁ በከሰል፣ አምስት አምስት የታሰረ፣ ከቀዩ ሥር የሚታይ።
"ይሄስ ይጥፋ?" አልኋቸው።
መነጽር አደረጉ፤ ሳቅ አመለጣቸው።
"እሱማ የወተት ሒሳብ ነው፣ የእታገኝ፤ አልከፈልኳት፤
የት እንደደረሰች እንጃ፤ ብቻ ተወው፣ እስካገኛት።"

ተውሁት። በማት ወረቀት፣ ሃያ በሠላሳ አተምሁ፤
ለዓይናቸው ብቻ፣ ለጥቁሩ፣ ጭላንጭል ጨመርሁ።
ፌስታሉ ውስጥ ሲከቱት፣ "ለመሆኑ ቤቱስ?" አልሁ።

"ተነሳ" አሉኝ።

ደረጃው እየጮኸ ወረዱ። የረዳቱ ድምፅ ዋጣቸው።
ሁለቱን ፋይል ጎን ለጎን ከፍቼ ብዙ ቆየሁባቸው፤
ቀዩ ያለበትንም አላጠፋሁም፤
"ዋናው" ብዬ አኖርሁት እንጂ፣ ለእሳቸው አልነገርኋቸው።